አሥራ ሦስተኛው በር

ሥራዬ በር መቁጠር ነው።
ባጄ አንገቴ ላይ፣ ጃንጥላዬ በእጄ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ፋሲል ግቢ ማልጄ፣
ለእንግዳው፣ ለተማሪው፣ ለሙሽራው አጃቢ
ስም እጠራለሁ፣ ስዞር በግንቡ ግቢ፦

ይህ ወምበር በር ነው፣ ፈራጆች የገቡበት፣
ያ እምቢልታ በር፣ ነፊዎች የቆሙበት፣
ይህ ባልደራስ፣ ይህ እርግብ፣ ይህ እልፍኝ በር፤
ቀጥሎ ተዝካሮ። እዚህ ላይ ድምፄ ይሰበር
ነበር።

እህቴ ዝማም፣ አዘዞ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የምትቆም፣
ሩብ ኪሎ ሲጎድል ገና በዓይኗ የምታውቅ፣
የራሷ ገላ ሲጎድል ግን ከሰው የምትደብቅ።
ያለ ወሩ ደም መጣ። “የሴት ነገር ነው” ተባለ።
“ምች ነው”፣ “ዓይነ ጥላ ነው”፣ ሁሉም የመሰለውን አለ።
ከባሏ ስትተኛ እንደምትደማ
ለሐኪሙ ስትነግር ነው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ የሰማሁት፤
ለእኔማ!

ሐኪሙ “የማህፀን በር” አለ።
በር?
ዕድሜዬን በር ስቆጥር ይህን ማን ቆጠረልኝ?
“ዘቡ የት ነበር?” ልለው አፌ ላይ ቀረብኝ።

ቫይረስ ነው፣ አለን፤ ብዙ ሰው ቤት የሚገባ፣
ከብዙው ሰው ቤት ሳይታወቅ የሚወጣ፤
አንዳንዴ ግን ይቀራል፣ ምንጣፍ ሳያስነጥፍ፣
ዓመት በዓመት ላይ ሲያልፍ፣
አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ኮቴ ሳያሰማ
ግንብ ይሰረስራል፣ ከውስጥ፣ በጨለማ።
“እሷ ያጠፋችው የለም” ብሎ ደጋገመ።
እናቴ ግን ቀና አላለችም።

ሰኔ ላይ ቀበርናት፤ ተዝካሯ በነሐሴ ወጣ።

ጥቅምት ላይ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣
እግሬ ወደ ኋላ እየጎተተኝ
ማራኪ፣ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ቆምኩ። ሁለቴ ተመለስኩ።
በሦስተኛው ገባሁ።
ሲስተር አዝመራ ጓንቷን እያጠለቀች
“ኮምጣጤ ነው የምቀባሽ” አለች።
ኮምጣጤ? ሰላጣ ላይ የምናደርገው?
“እሱው፣ ቀጠን ብሎ። አንድ ደቂቃ ቻይኝ።”

አንድ ደቂቃ።
ኮርኒሱ ላይ ውኃ የሠራው ነጠብጣብ ዓሣ ይመስላል።
አደናግር በር፣ ቋሊ በር፣ እንኮዬ በር...
“ነጣ ያለ ነገር አለ። ትንሽ ነው። ገና ካንሰር አይደለም።”
“ገና” የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን
አስፈርቶኝም፣ ጣፍጦኝም አያውቅ።

“አሁኑኑ እናቃጥለው?” አለችኝ፣ ዘንግ የመሰለች ማሽን አንስታ።
“መብራት ቢጠፋስ?”
“በባትሪ ነው” ብላ ሳቀች።
ሻይ ውስጥ ስኳር እስኪሟሟ አልፈጀባትም።
የዓመት ቀጠሮዬን ካርድ ላይ ጻፈች፤
ከባጄ ጀርባ ሸጎጥኩት፤ አሁንም እዚያው ነው።

የዝማም ልጅ ትንግርት፣ በዚያው ሰሞን፣
ከትምህርት ቤት ክንዷን ይዛ መጣች፤ ክትባቱን ተወግታ።
“አላመመኝም” አለች።
ዋሽታለች፤ እናቷን ትመስላለች።

ዛሬ ከደብረ ታቦር የመጡ መምህራን ነበሩኝ።
ወንዶቹ ፎቶ ሊነሱ ወደ ፏፏው ፀሐይ ሲወጡ፣
ሴቶቹን በጥላው ያዝኳቸው።
አሥራ ሁለቱን ቆጠርኩላቸው።
“አንድ በር ይቀረናል” አልኩ።

“የቱ ጋ ነው?” አለች አንዷ፣
ስልኳን ለፎቶ እያነሳች።