እግረኛ

በርጩማ ሊገዛ የመጣ እንግዳ
መጽሐፍ ረስቶ ሄደ፣ ከሱቃችን ጓዳ።
የአንድ እግረኛ ጦር ታሪክ ነው ይላል፤
ሁለት የዓለም ጦርነት ባንድ ጥራዝ ታስሯል።
ካርታ አለው በቀይ ቀስት፣ የሹማምንት ፎቶ፤
ጅማን ፈለግሁ ማውጫው ላይ፣ ጣቴ ከፊደል ፊደል ተጎትቶ።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ ከግርጌው፣ አንድ መስመር፦
«ጅማ ተያዘች። ዝናብ ነበር።»

በቃ።

ዝናቡስ ነበረ፤ በሱ አልዋሸም፣
የሠላሳ ሦስት ሰኔ፣ አዌቱ ከአፉ ሞልቶ፣ ሌት ተቀን አላባራም።
ግን አያቴስ? ብዋናሊ፣ ያ የኒያሳ ሐይቅ ልጅ፣
ስሙ የለ፣ ቁጥሩ የለ፣ በሣጥናችን የናስ ቁልፉ ቀረ እንጅ።

አባቱ አሳኒም የዚያው ጦር ነበር፣ በፊተኛው ጦርነት፤
የታንጋኒካን ዱር አራት ዓመት ሙሉ፣ በወባ፣ በረሃብ፣ በእግሩ የለካበት።
ሲመለስ ለልጁ ያመጣለት ቅርስ
ያ ቁልፍ ነው፣ ከአንድ ምክር ጋር፦
«ልጄ፣ ንጉሥ ከማመንህ በፊት፣ ጫማህን በቅባት አርስ።»

ልጁም ቁልፉን ሰፋው፣ ከደረቱ ላይ፣
ዓይቶት የማያውቀው ንጉሥ ዘውድ እንዲታይ።
ጁባን ተሻገረ፣ ነገሌን አለፈ፣ ሶዶ ላይ ጭቃ ጫማውን ዋጠው፤
የአባቱ ምክር ለዚያ ጭቃ አልበቃው።

ኦሞ ዳር ገመድ ተዘረጋ፣ ታንኳ ተገፋ፣
ዋዲ ከጎኑ ነበር፤ ማዶ ሲወጡ፣ ዋዲ ጠፋ።
ወንዙ ይሁን መትረየሱ፣ የወሰደውን ማንም አላየ።
ብዋናሊ ሦስት እርምጃ ሄደ፤
ባራተኛው፣ ከቀኝ እግሩ ተለየ።

እና ጅማ ተያዘች? እኔ የማውቀው ሌላ ነው፤
የተያዘው እሱ ነው፣ ጅማ ነች የያዘችው።
በቃሬዛ ገባ። ንጋት ላይ፣ በጅሬን በኩል አዛን ሰማ፣
የሐይቁ ዳር መንደር፣ የእናቱ ደጅ ዜማ።
ኦሮምኛ አይሰማ፣ አማርኛ አይገባው፣
«አሰላሙ ዐለይኩም» አላት፣ ገንፎ ይዛ ለመጣችው።
ሲቲና፣ የአባ ዋጂ ልጅ፣ «ወዐለይኩም ሰላም» ብላ ደነገጠች፤
ገንፎው ፈሰሰ። እስከ ዕለተ ሞቷ «በሱ ነው» እንዳለች።

ወንድሟ በወዲያኛው ወገን ነበር፣ በጣሊያን ሰልፍ፣ በግዴታ።
ምናልባት ያን ፈንጂ የቀበረው እሱ ነው።
ስለዚህ በቤታችን ማታ ማታ
ጦርነት አይወራም። ሁለቱ አማቾች ካንድ ገበታ ይበላሉ፣
ጨው አቀብለኝ ይባባላሉ።

ጦሩ ሄደ፤ ወደ በርማ፣ ወደ ሌላ ዝናብ፣ ወደ ሌላ ጫካ።
እሱ ቀረ፣ ሂርማታ ገበያ ዳር፣ የዋንዛ ግንድ በስንዝሩ እየለካ
በርጩማ ሊፈለፍል፤ ሦስት እግር፣ ሁሌም ሦስት፣ ካንድ እንጨት።
«ያንዱ አባቴ፣ ያንዱ ዋዲ፣ ያንዱ እኔ ነኝ» ይል ነበር፣
ሰው አራት እግር ያለው ወንበር ካዘዘው ዕለት።

የጅማ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ እሱ ፈረስ የለው፣
«አባ ሚላ» አሉት፤ የእግር አባት ማለት ነው።
እግር የሌለው የእግር አባት! ስቆ ተቀበለ፣
«ፈረሰኛ ለሥዕል ነው፤ መንገድ የእግረኛ ነው» እያለ።

እግረኛ። ቃሉን ሳላምጠው ለሁለት ይሰነጠቃል፤
እግር፣ እኛ።
ካርታው ላይ ቀዩ ቀስት ወንዝ ሲዘል ቀላል ይመስላል፤
እግር አልተሳለበትም።

እንግዳው ነገ ይመጣል፣ መጽሐፉን ሊወስድ።
ከዚያች መስመር ሥር በእርሳስ አንድ ስም ጽፌያለሁ፤
ልሰርዘው አልኩ፣ እጄ ግን እንቢ አለ።
ቁልፉን ላሳየው ይሆን? እንጃ።
በርጩማውን ግን፣
ከዋጋው አምስት ሳንቲም አልቀንስም።