ጦር ሽንኩርት

ማሽን ሊተክል የመጣ ጀርመን፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣
ሲሄድ የተወልኝ መጽሐፍ፣ ግራሶ ጀርባውን የነካ፣
የቃል ዘር ይቆጥራል፣ ሰባት ቤት፣ እንደ አገሬ ሽማግሌ፤
ጀርመንኛዬ ስንኩል ቢሆንም፣ ጥቂቱን ይዣለሁ በቃሌ።

ሰኞ ገበያ ነው፣ ደሴ። ጉም አልተገፈፈም ከጦሳ።
ጦይባ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ፣ ጦስኝ ጤና አዳሟን አፍሳ፣
አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ስትመርጥልኝ፣ "ይሄን" አልኋት፣
"የጀርመን ጥንተ ዘመዶች ጦር ሽንኩርት ነበር የሚሉት።"
አንዷን ፈልቅቃ ጫፏን በአውራ ጣቷ ሞከረች።
"ውሸት የለበትም፣ ትዋጋለች" አለች።
"እኛ ንጣቷን አየን፣ እነሱ ስለቷን፤
ጦር እየሳሉ ይሆናል ያዩዋት፣ ሲጠብቁ እራቱን።"

"አበባም አለቻቸው፣ ‹የቀን ዓይን› የሚሏት፤
ጧት ተገልጣ የምታይ፣ ማታ የምትከደን ናት።"
ጎንበስ ብላ ከሱሪዬ ጫፍ ጥቁር መርፌ አወጣች፤
"የሰይጣን መርፌ ናት፤ ከተወጋ ሰው አፍ ወጣች።"

"ልጡ ለስላሳ ዛፍም አላቸው፤ ከስሙ ነው የበቀለ
መጽሐፍ የሚሉት ቃል ይባላል፤ አይደለም የሚልም አለ።"
ሳቀች። "መድረሳ ገብቼ ነበር፣ ሦስት ክረምት፤
‹ወረቅ› ማለት ቅጠል ነው። ታዲያ ወረቀት?"

መልስ አጣሁ። እንዳልረታ ያነሳሁባት ያን አረም፦
"ቅንጬ አጥራችንን ሞልቷል፤ ቢነቅሉት ቢያቃጥሉት አይጠፋም።
ከብት አይቀምሰውም፣ እጅ ያሳክካል፤ ምን ሆኖ ነው ታዲያ
የምግብ ስም የተሸለመው?"
                                        እጇ ቆመ፣ እዚያው፣ ጤና አዳሙ ላይ።

"ከእርዳታው ስንዴ ጋር መጣ ይላሉ" አለች ቆይታ።
"እናቴ ጋር መጠለያ ነበርን። ዝናብ ጣለ አንድ ማታ።
ሳምንት ሳይሞላ አበበ፤ ነጭ፣ ደቃቅ፣ ክክ የሚመስል፣
ድንኳኑን ዙሪያውን፣ ልክ ሰው እንደ በተነው እህል።
እህቴ ናት መጀመሪያ የጮኸች፣ ‹ቅንጬ!› ብላ።
የራበው ዓይን ያየውን ይጠራል። ምን ይበል ሌላ?"

ሽንኩርቱን በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። መልሴን ሳልቆጥር ኪሴ ከተትሁ።
ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከመጽሐፉ ኅዳግ፣ ከጦር ሽንኩርት ጎን፣ "ቅንጬ" ብዬ ጻፍሁ።
ሰባት ቤት አልቆጠርሁለትም።
አባቱን ብቻ ጻፍሁ።