በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል

ሊማ ላይ ሰኔ ነው፤ ጉም ከባሕር ወጥቶ መስኮት ይልሳል፤
የሠራተኞቹ ሊፍት ከተበላሸ ሳምንቱ፣ ማን ያስታውሳል?
ሳቱርኒና ዛሬ፣ የተተኮሰ ልብስ በቅርጫት ታቅፋ፣
በጌቶቹ ሊፍት ገባች፣ ደንብ ተላልፋ።
አይቼ ዝም አልኩ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሴኞራ ግራሲዬላ፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ፣
ገብተው ጀርባ ሰጧት፤ ቅርጫት የያዘ ሰው መች ሊታይ!

ከዚያ ሊፍቱ ቆመ። አምፖሉም ጠፋ።

እኔ በረኛው፣ ታች፣ በአደጋ ስልኩ እሰማለሁ፦
«አይዞዎት» አሉ ሴኞራ፤ «ፈሩ እንዴ? እኔም ፈርቻለሁ።
እጅዎን ይስጡኝ እስቲ… እንዴት ይሞቃል! ልጆች አለዎት?»
«ሁለት» አለች፣ በሳላቸው ያወቀቻቸው።
«እግዜር ያሳድግልዎት።»

ዘጠኝ ዓመት ቤታቸውን ስትወለውል ያልሰማችውን ቃል
በጨለማ ሰማች። እኔም ሰማሁ፤
ለካ «እርስዎ» ያምራል።

መካኒኩ ጣሪያ ላይ ሽቦ ሲነካካ አርባ ደቂቃ ሄደ፤
ስልኬ ውስጥ መጀመሪያ ዝምታ ወረደ።
ቀጥሎ፦
«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ?
ቅርጫቱን ቀና አርጊው፣ ልብሴ እንዳይጨማደድ።»

መብራት መምጣቱን
በዚያ አወቅሁ።