ከዳር የሚታይ ወዝ

አባቴ አርባ ዓመት፣ ሰማይ በጠራ ቀን፣
በመነጽሩ አውርዶ ወረቀት ላይ ፀሐይን፣
ማድያቷን ብቻ በእርሳስ ለቀመ፤
ጥቁሩን አጠቆረ፣ ቁጥሩን አተመ።
የቀረው ፊቷማ ነጭ ነው፣ ዝም ነው፤
እርሳስ ያልነካው ሁሉ ለእሱ ወረቀት ነው።

እኔ ደግሞ ልጁ፣ ላዲና የዱሪ፣
ዳቮስ ላይ በደመወዝ የዚያ ባዶ ቆጣሪ።
ደመና በሌለበት፣ ሌሊት በማይመሽበት፣
ሳተላይቱ ዓይኑን ከማይከድንበት፣
በየአርባ አምስት ሴኮንድ ምስሏ ይወርዳል፤
ስክሪኔ ላይ ፊቷ እንደ ገንፎ ይንተከተካል።
በፍልቅልቁ መሃል፣ በስንጥቁ ጠርዝ፣
ቀጭን ሆኖ ያበራል የምፈልገው ወዝ።

መሃል ገጿ ላይ ግን ብፈልገው የለም፤
ብርሃንን ከብርሃን ዓይን አይለይም።
ዳር ሲደርስ ነው እንጂ፣ ፀሐይ ስትሽከረከር፣
የማግኔት ጉድጓዱ ጎኑን ሲሰጥ ለጠፈር፣
የውስጥ ግድግዳው ፍም ሆኖ ሲታይ፤
ያኔ ነው የምይዘው፣ ያኔ ነው የማይ።

«ስንት ማድያት አላት?» ይለኛል በስልክ፤
ሰላምታው ይኸው ነው፤ ለፍቅሩም ይህ ነው ልክ።
«ስልሳ ሁለት» እላለሁ። «ጠቆረቻ፣ ምስኪን!»
«አይ አባ፣ ደመቀች፤ ጠይቅ ሚዛኑን፤
ማድያቷ ሲበዛ ወዟ ይበልጠዋል፤
ከሺህ አንድ ቢሆንም፣ ትርፉ ይመዘናል።»
ዝም አለ። ከዚያ ማዶ ደብተር ተንኮሻኮሸ፤
የቱን ዓመት ይሆን የዳበሰው እየመሸ?

መንደራችን ከኅዳር ወዲህ ጥላ ውስጥ ነው ያደረው፤
የካቲት ሲጠባ ነው ፀሐይ ተራራውን የምትሻገረው።
ሄድኩ። አግዳሚው ላይ፣ በበረዶ መሃል፣
ጎረቤት ተሰብስቧል፣ አባቴም ተቀምጧል።
የዓይኑ መሃል ሞቷል ካምና ክረምት፤
ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ጭስ ነው፣ ጥላሸት፤
የቀረችው ዳሯ ናት፣ የጎን ጭላንጭል፤
ሰው ማየት ሲፈልግ ፊቱን ያዞራል።

ብርሃን ጫፉን ነካ፤ ደወል ተደወለ፤
አባቴ አንገቱን ወደ ማገዶው ክምር አዘነበለ።

እኔን ነበር የሚያይ።

«ጉንጭሽ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ጉንጭሽ ወዝ አለው፤
እኔ ሞኝ፣ መሃል መሃሉን ነበር የማየው።»

ፀሐይ ዘጠኝ ደቂቃ ቆይታ ጠለቀች፤
ዘጠኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ «በቃች» አለ፣ «በቃች»።