ሦስተኛው ክብሪት

ቀን አልቆረጥኩለትም፣ አልማልኩም በልጄ፣
ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም ደረቴን ይዤ በእጄ።
እንዲያውም በሮመዳን ሌላው ተምር ሲያነሳ
እኔ በጭስ ነበር የማፈጥረው፣ ሳልበላ ሳምቡሳ።

ማክሰኞ ነበረ፣ ግንቦት እኩሌታ፣
የከዚራ ጥላ እንኳ የሚያልብበት ለታ፣
ባጃጄን አቁሜ ደቻቱ ድልድይ ጫፍ፣
ሲጋራው ከከንፈር፣ ክብሪቱ ከመዳፍ፦
አንደኛው ተሰበረ።
ሁለተኛው በራ፤ ነፋስ ነጠቀኝና ጠፋ።
ሦስተኛው በላቤ ርሶ ነበረ፣
ብጭረው ብጭረው ጭንቅላቱ ተፍረክርኮ ቀረ።

"ታይዋን!" አለችኝ አንዲት ሴት ዘንቢል አንጠልጥላ፣
ሲጋራዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁት፣ ለኋላ።
ከታይዋን ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ፣
ሰው ስጭን፣ ሰው ሳወርድ፣ በመልስ ስጣላ
መሸ።
ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ከጆሮዬ ወደቀ፣
ሳህኑ ውስጥ ተንሳፎ ወረቀቱ ለቀቀ።
"ይኸው" አልኩ፣ "አንድ ቀን ሳላስበው አለቀ።"
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጨስኩ ሰው እኮ ነኝ!
ማን መክሮ፣ ማን ዘክሮ፣ በሦስት ክብሪት አስተወኝ?

ቀልድ መስሎኝ ነበር።
በሦስተኛው ቀን ግን እጄ መሪው ላይ ተንቀጠቀጠ፣
ተሳፋሪ ሰደብኩ፣ ትራፊክ ፊት ምላሴ አመለጠ፣
ልጄ ሂክመት ደብተሯን ልታሳየኝ ቀርባ
"አባ፣ ጅብ መሰልክ" አለችኝ፣ ከእናቷ ጀርባ ገብታ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ሽርጤን እንዳገለደምኩ፣
ነጅሙ ሱቅ ደጃፍ እንደ ሌባ ቆምኩ።
"አንድ ፍሬ።"
በሽቦው ወንፊት ዐይኑን አጥብቦ አየኝ፦
"አቦ! ትርፌን ስቆጥር ነው ማቆምህ የገባኝ።
ሌላ ጋ ሂድ፣ የነቃ ካገኘህ። እኔ አልሸጥልህም።
ቆይ... ቆይ... ባዶ እጅህንም አልሰድህም።"
ከጆንያ አፍሶ ሮቃ አስታቀፈኝ፣ በእፍኙ፦
"ምጠጠው፤ ጥርስህ ሲደነዝዝ ጭሱን ትረሳለህ፣
ካልረሳህም፣ ወላሂ፣ ሌላ ጭንቀት አለህ።"
በሆዴ ረገምኩት፣ በአፌ መጠጥኩ፣
የቀረውን ፓኮ በኖረበት የደረት ኪሴ ከተትኩ።

ጁምዓ ከሰዓት፣ ሐምዲ ቤት በርጫ፣
ጭሱ መጋረጃ ሆኖ ሲጠፋብኝ መውጫ፣
ሐምዲ ብድግ አለ፣ መስኮቱን በረገደ፦
"አጫሽ ሁሉ በረንዳ!" ቤቱ እየሳቀ፣ እየተራገመ ሄደ።
ከኔ ጋር የቀሩት ጋሽ አጥናፉ ናቸው፣
የባቡሩ ጡረተኛ፤ ሲጋራ ሳይሆን ጉልበት ነው የከለከላቸው።
"ያ ባቡርም ሲቀር" አሉኝ፣ "ፊሽካ የነፋ የለም፤
አንድ ቀን ጠበቅነው፣ አልመጣም።
በማግስቱም አልመጣም።
አንተም እንደሱ ነህ።" ደግሞ ሳሉ፣ ረጅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ አልደብቅም፣ ወደቅኩ፣
ከጣቢያው ግንብ ጀርባ፣ ከማላውቀው ወዛደር ለምኜ ግማሽ አጨስኩ።
ጣዕሙ እንደ ድሮው ነበር።
ይህ ነው ያሳፈረኝ።
ለነጅሙ ነገርኩት። ሚዛኑን እየጠረገ፦
"ታዲያ?" አለ፣ "አሥሩ ቀን የት አባቱ ሊሄድ?"
ለአንዲት ልጅ ሩብ ስኳር መዘነ።
ሌላ ቃል አልወጣውም።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ልገዛ ብሄድ፣
ነጅሙ በጨለማው ተቀምጧል፣
ያልተለኮሰ ሲጋራ ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣
ክብሪቱን ከጣት ጣት እያገላበጠ።
ሲጋራ ሲሸጥልኝ እንጂ ሲያጨስ አስተውዬው አላውቅም፤
ለካ ሻጭም ያጨሳል፣ ማን ልብ ብሎት።
"ስማ" አለኝ፣ "ከዚያ ሮቃ ተረፈህ?"
ኪሴን ገለበጥኩለት፤ ሁለት ቀርታኛለች።
አንዷን ጉንጩ ውስጥ ወሸቀ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣
ክብሪቱን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ ሰደደ፦
"እስከ ነገ ያዝልኝ። እኔም ቀን አልቆረጥኩ፣ አቦ።"

ሻማውን ረሳሁት።
ክብሪትና ሮቃ ደረቴ ላይ እየተንኳኩ
ግድግዳ እየዳበስኩ ቤቴ ገባሁ።