ባዳ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይል ነበር አባቴ፣
ሆድ እያረረበት የሚስቅ በፊቴ።
ተረት ነበር ለኔ፤ እውነት ሆኖ መጣ
ቅርያት ማላኪ ላይ፣ ካርዴን ይዤ ቆሜ፣ ቁጥሬ እስኪወጣ።

ልብና ኩላሊት፣ ጉበትና ሳምባ፣
መድኑ ዘመድ ነው፣ ከሁሉም ቤት ገባ፤
ጥርሴ ጋ ሲደርስ ግን አንገቱን ሰበረ፣
«ይሄን አላውቀውም» ብሎኝ ተሻገረ።

የልጆች በነጻ፣ ዐሥራ ስምንት እስኪሞላ፤
ያማቴም በነጻ፣ ሦስት ቀርተዋታል፣ በነሱም አትበላ።
የቀረነው እኛ፣ መሀል ያለን ሰዎች፣
ለላይም ለታችም የምንፈጭ መንጋጎች።

ማታ ካሮት አሽጋለሁ። እጅ እንጂ ስም የለኝም፤
ፋብሪካው «የደላላው ነህ» ይላል፣
ደላላው «ለሰዓት እንጂ ለጥርስ አልከፍልም»።
ከጎኔ የቆመው ሰርጌ፣ የፋብሪካው ቋሚ፣
ለአፉ ካርድ አለው፤
ባንድ ማሽን ላይ ነን፣ ሁለት ካሮት ለቃሚ።

ገበያው ዳር ያለው ሐኪም ፎቶ አንስቶ፣
«ሥሩ ይጠረግና ዘውድ ይደፋለታል» አለኝ፣ ጓንቱን አውጥቶ።
አራት ሺህ ሼቄል።
ሳቅሁ፣ እያመመኝ።
ከዘር ማንዘሬ ውስጥ ዘውድ የደፋ የለም፣
እኔም በመንጋጋ ልጀምር አልልም።
«ይነቀል ካልክማ ሦስት መቶ ይበቃል።»
ለካ በድሃ አፍ ውስጥ ማፍረስ ይረክሳል።

ፈንታዬም አላት፣ ግራው የተሰበረ፤
ስትስቅ በመዳፏ ትሸፍነዋለች፣
ሰው ጨዋነት ይለዋል፣ «እንዴት ያለች ጭምት» እየተባለች።
ያጠራቀምነው ግን ለአንድ አፍ ነበረ።

«አንተ ሂድ» ትላለች፣ «የኔስ አያመኝም።»
«አንቺ ሂጂ» እላለሁ፣ «እኔም አይሰማኝም።»
ከሌሊቱ ዘጠኝ ውሸታችን ነቃ፤
ወጥ ቤት ተገናኘን፣ መብራት ሳናበራ፣
እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ፣
እሷ በቅርንፉድ፣ እኔ በጨው ውሃ።
ማንም አልተናገረ። በቃ።

ኢየሩሳሌም ላይ ተማሪዎች አሉ፣
አፉን ላበደረ በግማሽ ይሠራሉ።
ስሜን አስመዘገበች፣ ሳትነግረኝ፣ ፈንታዬ፤
አራት ወር ባንድ ጎን አኝኬ፣ ደረሰ ተራዬ።

ናርዲን ትባላለች፣ ከገሊላ መንደር፣
የመርፌዋ ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ነበር።
«አይዞሽ» ልላት ብዬ፣ ምላሴ ደንዝዞ፣
«አኦህ» ብቻ ወጣ፣ ከምራቄ ጋራ ተያይዞ።

ሁለት ሰዓት ሠርታ፣ አስተማሪው መጥቶ
«አፍርሺው፣ እንደገና» አላት፣ በትንሿ መስታወት አይቶ።
ዓይኗ እንባ ሲያቀር ካሮቱ ታወሰኝ፣
የመጀመሪያው ሌሊት «ፈትተህ እሰር» ሲሉኝ።
አፌን ከበፊቱ አስፍቼ ከፈትሁላት። ትማር።
ደብተር ነኝ ለዛሬ፤
ሳይሰርዝ የተማረ ማን አለ በአገር?

ማታ ቤት ስገባ ግማሽ ፊት የለኝም፤
ውሃ ልጠጣ ስል ባገጬ ሲወርድ እንኳ አልታወቀኝም።
ሊሮን በሳቅ ወደቀ፣ ኦራል ተከተለች፣
ፈንታዬ በሁለት እጇ ድስት ይዛ ነበረች፣
መሸፈኛ አጥታ
ሳቀች።

ስንት ዓመት ከጎኗ ተኝቼ፣ ያን ክፍተት ሳላየው!
«ባዳ ነው» ያለኝ ሰው፣ አባቴ፣ ይህን ሳቅ ምን ይለው?

በነጋታው ግማሹ ተርፏልና ደወልሁ፣
በሷ ስም።
«ከበዓላት በኋላ» አሉኝ። ገና ሐምሌ ነው።
እሺ አልሁ።
ወደ ሥራ ስወጣ፣ ከገበያው
መቶ ግራም ቅርንፉድ ገዛሁ።