ዓይኔን ነበር የከሰስኩት

ዓይኔን ነበር የከሰስኩት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፤
ሐኪሞቹም ሰምተውኝ «እርጅና ነው» አሉ።
ሦስት መነጽር ገዛሁ፣ አንዱ ካንዱ ወፍራም፤
ያ አረንጓዴ መስመር ግን በአንዱም አልበራም።
መብራቱን አጠፋሁ፤ መጋረጃ ጣልኩ፤
በጨለማ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ሌባ ሰለልኩ።
ብርኖ ላይ፣ ዢደኒሴ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር፣
ሱቄ ቀኑን ሙሉ ሌሊት ሆኖ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ራድካ ናት ያወቀች፤
ሻይዋን አስቀምጣ አንዴ አየችና ሳቀች።
«ዓይንዎስ ደህና ነው፣ አቶ ኦታካር፤ የታወረው ማሽኑ፤
ኤሌክትሮን የሚተፋው አፈሙዝ ነጥፏል፤ አበቃ ዘመኑ።»

እኔ ግን ተቆጣሁ።
በራሴ እርጅና ፈርሜ ነበር የወጣሁ፣
በእሱ ሲመጣ ግን ቃል ከአፌ አጣሁ።
የሰባ አንድ ሥሪት ነው። ሁለታችንም ያኔ
አዲስ ነበርን፤ እሱ ብረት፣ ተለማማጅ እኔ።

«ጠፍጣፋ ስክሪን ይግባለት፤ ርካሽ ነው» ብትለኝ፣
በአሮጌ ፊት ላይ የተለጠፈ ፎቶ መሰለኝ።

ኦስትራቫ ላይ አንድ አገኘን፤ የማዕድን ትምህርት ቤት
ሲዘጋ ከምድር ቤቱ የተረፈ ንብረት።
አቶ ኮቱላ ሦስት ሺህ ኮሩናዬን ቆጥሮ፣
ቱቦውን አስረከበኝ በሕፃን ብርድ ልብስ አስሮ።
«አንገቱን እንዳትይዝ» አለኝ፤ «ከአንገቱ ነው የሚሰበር።»
በባቡር እስክመለስ ጭኔ ላይ ታቅፌው ነበር።
ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ብርድ ልብሱን አይታ፣
«ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ፣ በሹክሹክታ፣ በደስታ።
«ሃምሳ ዓመቱ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ዝም፤
እስከ ብርኖ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ቅዳሜ ጠዋት ፈታነው። ገመዱ ቢነቀል እንኳ
ቱቦ ቂሙን አይረሳም፤ ሁለት ሺህ ቮልት ይዞ ይጠብቃል ለነካ።
ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ እንዳስተማረኝ አለቃዬ፤
በቀኜ ቂሙን ወደ ምድር ሸኘሁት፤ ጠሽ ሲል ዘለልኩ «ወይኔ!» ብዬ።
ዐሥራ አራት እግሮች፤ ሁለቱ ዝገት የበላቸው፤
ራድካ በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ጠረገቻቸው።

አሮጌው ሲወጣ፣ ፊቱ ላይ፣ መሃል ለመሃል፣
ቡናማ መስመር አለ፤ ነፋስ የሌለበት ሐይቅ ይመስላል።
ያቃጠለው ሥራ አይደለም፤ እኔ ምሳ ስበላ፣
ስልክ ሳወራ፣ ስረሳው፣ በርቶ ሲጠብቀኝ ነው የተበላ።

አዲሱ ገባ። ማብሪያውን ተጫንኩ። አንድ ደቂቃ። ምንም።
ራድካ ጥፍሯን ነከሰች። እኔም መተንፈሴን እንጃ፣ አላስታውስም።
ከዚያ ነጥብ፤ ከዚያ መስመር፤ ትንሽ ያዘመመ፤
በመፍቻ ጫፍ አቀናሁት፤ እንደ ምላጭ ሰልቶ ቆመ።
መጋረጃውን ገፈፍኩ፤ መስኮቱን ከፈትኩ፤
መነጽሬን አወለቅኩና በጠራራ ፀሐይ አነበብኩ።

ሳቅን። በዚያው ሞቅታ፣ ለሰኞ የቀጠርኩትን
የወይዘሮ ድራሆሚራን ራዲዮ ሰካሁበት፣ ጨርሼ የዘጋሁትን።
ንጹሕ ነው ብዬ ፈርሜ ነበር። ንጹሕ አልነበረም።
መስመሩ ላይ፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ የሃምሳ ሄርዝ ማጉረምረም።
የደበዘዘው ቱቦ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቆልኝ ኖሯል፤
አዝኖልኝ ይሁን ተበቅሎኝ፣ ማን ያውቃል?

ራድካ ዝም አለች። መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣች፤
«አርባ አንድ ዕቃ» አለች ቆጥራ። ስልኩን አመጣች።

አሮጌው በብርድ ልብሱ መስኮቱ ሥር ተኝቷል።
የመጀመሪያው ቁጥር አቶ ሽቬስካ፤ ይጠራል። ይጠራል።

ሃሎ? ኦታካር ነኝ፣ ጠጋኙ። የለም፣ ገንዘብ አይደለም።
ያ ማጉያ፣ ያ የመለስኩልዎ፣ ድምፁ ዝቅ ሲል፣ ከሥሩ የሚያጉረመርም
ነገር አለ ወይ?

«አለ እንጂ» አለኝ። «ሁልጊዜም ነበረበት።
ጆሮዬ መስሎኝ ነው፣ ዝም ያልኩት።»